ዳለቻ አልነሳም አለ

ሰው ሲታመም ጠያቂ ቶሎ አይመጣም። መጀመሪያ ወሬውን ይሰማል፣ ቀጥሎ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ «እሁድ እንሄዳለን» ይባባላል፤ እሁድ ደግሞ ሌላ ልቅሶ ይገባበታል። እስኪመጣ ድረስ ታማሚው ወይ ድኖ ገበያ ወጥቷል ወይ ነገሩ አልቋል። መኪና ሲታመም ግን ኮፈኑን ገና ከፍ ሳታደርጉት ጠያቂው በር ላይ ቆሟል። ከየት እንደሚመጡ አላውቅም። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ወደ ሞተሩ አስግገው፣ «አልነሳ አለ?» ይሏችኋል።

«አዎ» ካላችሁ አለቀላችሁ። እኛ የልባችንን ሕመም ለሐኪም እንተዋለን እንጂ የመኪና ሕመም ለመካኒክ አንተውም። አንዱ ባትሪ ነው ይላል። ሌላው «የለም፣ ካንዴላ ነው፤ የአክስቴ ልጅ መኪናም እንዲሁ አድርጎት…» ብሎ የአክስቱን ልጅ ታሪክ ከልጅነቱ ይጀምርላችኋል። አንዱ ደግሞ ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ያይና «ይሄማ ሞቷል» ብሎ ጥሏችሁ ይሄዳል። የምጠላው ይህን ነው።

እስቲ ደግሞ ይህችን «መነሳት» የምትባል ቃል ተመልከቷት። በሽተኛ ከአልጋው ይነሳል። እንግዳ ከመቀመጫው ይነሳል። መኪና በቁልፍ ይነሳል። መሬቱ ለልማት የተፈለገ ገበሬም ይነሳል፤ እንዲያውም ስሙ «ተነሺ» ይባላል። ለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ይዘን እንዴት እንደምንግባባ ይገርመኛል። አንዳንዴ አንግባባም። እኔን ያን ሁሉ ቅዳሜና እሁድ በጀርባዬ ጭቃ ላይ ያስተኛችኝ ይህችው ቃል ናት።

አማቴ ኦቦ ለሜሳ የሱሉልታ ሰው ናቸው። አባታቸውም እዚያው፣ አያታቸውም እዚያው። ድርቆሽና ወተት ሸጠው ልጆች ያስተማሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራ የገዟት፣ ይቅርታ፣ የገዙት አንድ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የጭነት መኪና ነበራቸው። «የገዙት» ያልኩት ወንድ ስለሆነ ነው። በሬ ነው። ግራጫ ስለሆነ ዳለቻ ብለው በበሬ ስም ሰየሙት፤ ዳለቻ ሲሉም ጭራ ያለው ነገር የሚጠሩ ይመስላሉ። ክረምት ላይ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ሌላው መኪና ሁሉ አስፋልት ላይ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ዳለቻ ድርቆሹንም፣ ወተቱንም፣ ምጥ የያዛትንም ሴት ጭኖ ጭቃውን እየቀደደ ይወጣ ነበር አሉ። አሉ ነው እንግዲህ። እኔ ሲወጣ አላየሁትም።

እኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ሲሄድ ነው። የአማቴ ዓይን ሞራ ሲጋርደው ልጆቻቸው መንዳት ይብቃዎት ብለው ለመኗቸው። እሳቸውም እሺ አሉና፣ ለመጨረሻ ጊዜ ራሳቸው እየነዱ ቡራዩ እኛ ግቢ አምጥተው አቆሙት። እንዴት እንደደረሱ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው «ያንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳለቻ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለውን ተረት፣ ልብሴን በላዩ ላይ እያሰጣሁበት፣ በዓይኔ አየሁት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የባሰው አማቴ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን መቅረታቸው ነው። ያለፈው ክረምት በረት ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ወተት ሰብሳቢው እስኪመጣ ድረስ ጭቃው ላይ ተኝተው ቆዩ። እግራቸው አልተሰበረም፤ የባለቤቴ የጫልቱ እንቅልፍ ግን ከዚያ ወዲህ ተሰበረ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። የኋላውን ክፍል አስጠርጋ፣ ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ አባቷን እንዲመጡ ለመነች። እምቢ አሉ። ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌውን አብልተው አጠጥተው ሸኙት። እኔ ሄጄ ለመንኩ። እኔን አብልተው አጠጥተው፣ ቂቤም ጨምረው ሸኙኝ። እንዲህ በጨዋነት እምቢ የሚል ሰው ደግሞ ልባችሁን ያወልቀዋል።

በመጨረሻ ጫልቱ ፊታቸው ቁጭ ብላ ስታለቅስ ጊዜ፣ አማቴ ለብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን አዩና «ኢኒ ዮ ካኤ፣ አኒስ ነን ካአ» አሉ። እሱ ከተነሳ እኔም እነሳለሁ ማለታቸው ነው። እሱ ማን? ዳለቻ ነዋ። «ከአባቴ ቤት የምወጣው በራሴ መኪና ነው፤ በሰው መኪናማ እንደ ዕቃ አልጫንም።» ቃል ገቡ። ጫልቱ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «አስነሳው» አለችኝ።

ጋራዥ ይጎተት ያለች እሷው ናት፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጥና ፎቶኮፒ ማንሳት ነው። ወረቀት የነከሰ ማሽን አፉን ከፍቼ ስንቴ አስለቅቄያለሁ። ነዳጅ የሚጠጣ ማሽን ከወረቀት ከሚበላ ማሽን በምን ይለያል አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ወረቀት ሻጩንም ይጨምር እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

በባትሪ ጀመርኩ። አዲስ ባትሪ ገባ፤ ሞተሩ ኡ-ኡ-ኡ ይላል እንጂ አይነሳም። የመኪናውን ጠባይ ከባለቤቱ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ሱሉልታ ደወልኩ።

«አካም ቡልታን፣ አባባ?»

«ፋያ ዳ። ካኤ?» አሉኝ። ተነሳ ወይ ማለታቸው ነው። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት ይህንኑ ብቻ ነበር።

«አልተነሳም አባባ። ይዞራል ግን አይነሳም።»

ትንሽ አሰቡ። «ሞተሪኖው ነው።»

«ኧረ ሞተሪኖውማ ይዞራል።»

«መዞሩንማ ይዞራል፤ ከልቡ አይደለም።»

ከልቡ አይደለም። ምን ትላላችሁ? ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን የሚቀሰቅሰውን ማለቴ ነው፣ ፈትቼ፣ በፌስታል ይዤ፣ ሦስት ታክሲ ቀይሬ ሰበታ ድረስ ወሰድኩት፤ ሽቦውን ጥሩ አድርጎ የሚጠቀልል ሰው እዚያ አለ ብለውኝ ነው። ጠቅልሎ ሰጠኝ። መልሼ ገጠምኩት። አሁን ከልቡ ዞረ። አልተነሳም።

ደግሞ ደወልኩ። «ካንዴላ» አሉ። ካንዴላ ቀየርኩ። ደወልኩ። «ካርቡሬተር። ፈታተህ እጠበው፣ ፀሐይ ላይ አስጣው።» እኔም የካርቡሬተሩን ዕቃ ሁሉ አጥቤ እንደ በርበሬ ሰፌድ ላይ አሰጣሁት። ሰፌዱ የጫልቱ ነበር። ስለ እሱ ሰፌድ የተባባልነውን እዚህ አልጽፍም፤ ሽሮው ሳምንቱን ሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

እዚህ ላይ ነው እጄን ሰጥቼ አብዲ የሚባለውን የሰበታ መካኒክ ያስመጣሁት። አብዲ ወጣት ነው፤ ለምንም ነገር አይጨነቅም። «ፋዘር፣ ይሄ ቀላል ነው» አለኝ። በኩባያ ቤንዚን ይዞ በካርቡሬተሩ አፍ ጠብ አደረገለትና «በለው» አለኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ዳለቻ ተነሳ! ግቢው ጢስ በጢስ ሆነ፣ የጎረቤት ዶሮዎች ተበተኑ፣ አጥር ላይ የተደገፈው ጠያቂ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ወደ ቤት እየሮጥኩ «ጫልቱ!» ስል፣ ከኋላዬ ሳል ሳል አለውና ጸጥ አለ። የሰጠነውን ጠጥቶ ጨርሶ ነው። አጨብጫቢውም እጁን ኪሱ ከትቶ ወደየቤቱ ሄደ።

«ነዳጅ አይደርሰውም» አለ አብዲ። «ነዳጅ የሚስበው ፖምፓ ነው።» ለፖምፓ ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች አካለልኩ። እንዲህ ያለ ዕድሜ ላለው መኪና ዕቃ ስትጠይቁ ሻጮቹ የሚያዩዋችሁ በሐዘን ነው፤ አንዱማ «ነፍስ ይማር» አለኝ። ተገኘ፣ ተገጠመ። ነዳጅ አይደርሰውም። ሳልቫታዮውን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ አውርደን አጠብን። ነዳጅ አይደርሰውም። አብዲ ላቡን ጠረገና «ፋዘር፣ መሐል ላይ ያለው ቱቦ ተደፍኗል። ጋቢናው ውስጥ ነው የሚያልፈው። ወለሉን ቆርጠን እናወጣዋለን» አለ።

ያንተ ነው ቢሉኝም የእሳቸውን መኪና ሳላስፈቅድ አልቆርጥም ብዬ ደወልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተሪኖ ሲነቀል፣ ካርቡሬተር ሲበተን «ደግ፣ ደግ» ይሉ የነበሩት አማቴ፣ ወለል ስል ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ወለሉን እንዳትነኩ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ?»

«ተወው። ይረፍ።» ስልኩ ተዘጋ።

ጫልቱ ይህን ስትሰማ ሄዳ የኋላውን ክፍል መስኮት ከፈተች፣ አልጋውን እንደገና አነጠፈችው፤ ማንም ያልተኛበትን አልጋ። በማግስቱ ደግሞ ሱሉልታ ዝናብ እንደጣለ ሰማችና አባቷ ስልክ እስኪያነሱ ድረስ እህል አልቀመሰችም። እኔም ንዴቴ ሁሉ ወደ መኪናው ዞረ። ብረት ለምን እንዲህ ሰው ያስለቅሳል? አብዲ ባይኖርም፣ ወለሉ ባይቆረጥም፣ ቱቦውን በእጄ ዳስሼ አገኘዋለሁ ብዬ መፍቻዬን ይዤ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ።

መፍቻው ከእጄ አምልጦ በተሳፋሪው ወንበር ስር ገባ። የመፍቻ ነገር ሁሌም እንዲሁ ነው፤ የሚወድቀው እጅ የማይገባበት ቦታ ነው። ደረቴን ወለሉ ላይ ለጥፌ፣ ምንጣፉን ገልጬ ስዳስስ እጄ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። መፍቻው አልነበረም። የነሐስ መዝጊያ ነው፤ ቱቦው ላይ የተገጠመ፣ እንደ ውሃ ቧንቧ የሚዞር። የተዘጋ።

ከፈትኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ጥቂት ኡ-ኡ አለና ዳለቻ ተነሳ። ቆሜ ጠበቅኩት፤ አላሳለውም፣ አልጠፋም። እኔ ግን ከደስታ ይልቅ እሳት ለበስኩ። መዝጊያው ለሌባ የተሠራ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። የሠሩት እሳቸው። መኪናውን አምጥተው ሲያቆሙ እንደ ልማዳቸው የዘጉትም እሳቸው። ከልቡ አይዞርም ያሉትም፣ ካርቡሬተሩን ፀሐይ ላይ አስጣው ያሉትም፣ ወለሉን እንዳትነኩ ያሉትም! አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ግን የቀሰቀስኩት የተኛውን ሳይሆን አልጋውን ነበር።

ጫልቱ እልልታዋን እያቀለጠች ወጣች። «ምን ሆኖ ነበር?» አለችኝ።

«ካርቡሬተሩ» አልኳት። አትፍረዱብኝ። ያን ሁሉ ከደከምኩ በኋላ፣ ሰፌዱም ከተበላሸ በኋላ፣ ተዘግቶ ነበር ብዬ እንድናገር ትፈልጋላችሁ?

ያን ጊዜውኑ ሱሉልታ ደወለች። «አባዬ፣ ተነሳልህ!» አለች።

«ማን አስነሳው?»

«ባሌ ነዋ።»

«እሱ?» አሉ። ይህችን «እሱ?» እኔም ሰማኋት። ከዚያ ቃል ቃል ነውና «እንግዲያው ቅዳሜ ይምጣ» ብለው ዘጉ።

ቅዳሜ እንጦጦን ወጥቼ ወደ ሱሉልታ ስወርድ አፌ ውስጥ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እኔም የሰው ልጅ ነኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ወገብ አለኝ የሚል፣ ረጋ ያለ ግን የሚያሳምም ንግግር። ስደርስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ቦቲ ጫማቸውን ተጫምተው በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ሻንጣ አለች። ላሞቹን ለወንድማቸው ልጅ አስረክበዋል። የሞተሩን ድምፅ አዳመጡና ወደ ዳለቻ ሄደው ግንባሩን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ከወንበሩ ስር ያለውን አገኘሁት አባባ» አልኳቸው። ንግግሬ ሁሉ ጠፍቶብኝ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው።

«አገኘኸው?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ የጠየቅከኝ ምን ይጠገን ብለህ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመኪናው ሳይነቅሉ። «መጠገን ያለበትን ነገርኩህ። ሞተሪኖው አርጅቶ አልነበር? ካንዴላውስ? እየው እስቲ አሁን፣ ሙሽራ መስሏል።»

ሻንጣዋን ጫንኩ። እሳቸው ተመልሰው ገብተው መስኮቶቹን ዘጉ። ወጡና ደግሞ ገብተው አንዱን መስኮት ከፈቱት። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሄድን።

ሜዳውን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ አማቴ የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ አሉ። በዓይኔ ጠርዝ አየኋቸው። ቦቲ ክር የለውም። ዳለቻ ካርቡሬተሩ ውስጥ በቀረችው ነዳጅ ትንሽ ወጣ፣ ጥግ አስያዝኩት፣ ሳል አለና ቆመ። ከታች ሱሉልታ ሙሉዋን ትታያለች፤ የድርቆሹ ክምር፣ አዲሱ አጥር፣ አሮጌው አጥር፣ የእሳቸው ባህር ዛፍ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የማየው ነገር አልነበረኝም፤ ቢሆንም አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን እያወቅኩ ሞተር ውስጥ ያፈጠጥኩት ያን ቀን ነው።

«ምን ይመስልሃል?» አሉኝ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው።

«ፖምፓው ይመስለኛል አባባ።»

«ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። አስተያየታቸው አንጀቴን በላው። ቁልቁል ብለቀው ድምፅ ሳያሰማ እስከ ሜዳው እንደሚወርድ አሰብኩ፤ ከሜዳው ደግሞ ቤታቸው ሩቅ አይደለም። ለጫልቱ ምን እንደምላት እያሰላሰልኩ ተመልሼ መሪው ላይ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ፤ ጫልቱ ናት። የኔ ስልክ ጆሮው ስለተበላሸ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምናገረው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ዳገቱ ላይ ነን። ቆመብን። ፖምፓው ሳይሆን አይቀርም።»

«አባዬ የት ጋ ነው የተቀመጠው?»

«እዚህ አጠገቤ።»

«ከወንበሩ ስር መዝጊያ አለ፤ ዘግቶት ነው። ክፈተውና ኑ፣ ምሳው ቀርቧል።»

አማቴን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። «ታውቂው ነበር?» አልኳት።

«እዚያ ወንበር ላይ እኮ ነው እማዬ ጭን ላይ ተቀምጬ ያደግኩት። አባዬ ሰርግ መሄድ ካልፈለገ መኪናው ሁልጊዜ ዳገት ላይ ይቆማል። እማዬ ምንም አትለውም፤ ጎንበስ ብላ ትከፍተዋለች።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባዬ ላይ ስተኛ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቀው መስሎኝ ነዋ፤ መጀመሪያ የሚታየው እሱ አይደል? ደግሞ ከአጥሩ ተደጋፊ ጀምረህ ሰበታ ድረስ ሰው ሁሉ ጠይቀሃል። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ዘጋችው። ኮፈኑ እንደተከፈተ ነው። አማቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ወደ ታች፣ ወደ ባህር ዛፋቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልሰጠሁም፣ አልጠየቅኩምም። እሳቸውም አንድ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ መዝጊያው ሲዞር ቀጭን ድምፁን ሰማሁት። ቀና ብለው እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ።

«እናቷን ነው የወጣችው» አሉ። «አንተ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ሁሉ አልሄድም ያልኩት ሰርግ፣ ከደረስኩ በኋላ አንዱም ከፍቶኝ አያውቅም። በል፣ ኮፈኑን ዝጋና ንዳ።»